ከመደርደሪያ የወረደው የዝናብ ሠንጠረዥ

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጊዜ ያለፈባቸውን መጻሕፍት እንዲያስወግድ የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም በተደራቢነት እመራለሁ። በየካቲት የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት የአየር ጠባይ መጻሕፍት ወዳሉበት መደርደሪያ ስንደርስ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠይባ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ አንሥታ የታተመበትን ዘመን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እናቴን በዕድሜ ይበልጣታል። እስካሁን ጡረታ አልወጣም?»

«ሰርዢው» አልኋት።

ማኅተሙን መታችበት። እኔም በቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ሥር «ጊዜ ያለፈበት» ብዬ ጻፍሁ። የጻፍሁት ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉም ግን አልነበረም።

መጽሐፉ ውስጥ የአሰላና የአካባቢዋ ዝናብ በየትኛው ቀን እንደሚጀምርና እንደሚያቆም የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት ከእርሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ትምህርት ቤታችንን የጎበኘ አንድ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ሠንጠረዡን አይቶ ከሄደ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ እነዚያን ቀኖች መጠበቅ እንዳቆመና ማንም ገበሬ በእርሱ እንዳይመከር የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከልኝ። አንብቤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት። ከሌላ ማስረጃ ጋር አመሳክራለሁ እያልሁ ራሴን አታለልሁ እንጂ፣ ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ በተማሪዎች ፊት ቆሜ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ከበደኝ።

የተሰረዙትን መጻሕፍት በሁለት ጆንያ ሞልተን፣ ባጃጅ ወደቆመበት በር አወረድናቸው። ንብረት ያለ መውጫ ወረቀት ከግቢው አይወጣም፤ ዘበኛውም ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ ሳያመሳክር አያሳልፍም። የዕለቱ ተረኛ አቶ ዲሪባ ነበሩ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከጥበቃው ሌላ በጭላሎ ግርጌ ገብስ የሚያርሱ ሰው ናቸው። አርእስቱን ቀስ እያሉ እያነበቡ ሲያወጡ ሰማያዊው ላይ ደረሱና ቆሙ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ ሁልጊዜ «መምህር» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። «ይሄ ተሳስቶ ገብቷል።»

«አልተሳሳተም፣ አቶ ዲሪባ። ይወገዳል።»

«እና ገብሱን በምን ልዝራ? ከሚጣል ለእኔ ይስጡኝ፤ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ።»

«መመሪያው አይፈቅድም።»

መመሪያው በእርግጥ አይፈቅድም፤ እኔ ግን ያነሣሁት ልሸሸግበት ነበር።

«እሺ፣ ቀኑን ብቻ ይዩልኝ። ዘንድሮ እንኳ ሳላሳልፍ ልዝራ። አምና ዘግይቼ ጉድ ሆንኩ።»

አምና በዚሁ ወቅት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥተው ጠይቀውኝ፣ ሠንጠረዡን ገልጬ መጋቢት ስድስት ብያቸው ነበር። መጋቢት ስምንት ዘሩ። ዝናቡ ጥቂት ቀን ጥሎ አምስት ሳምንት ጠፋ፤ የበቀለው ገብስ ደረቀ። ተመልሰው ሲጠይቁኝ «ሁለት ቀን ዘግይተዋል» አልኋቸው። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉኝ።

ጠይባ ሣቀች። «ሁለት ቀን ነው ያንን ሁሉ ገብስ ያደረቀው? አጎቴም እኮ በቀኑ ዘርቶ ደርቆበታል።»

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ስለ ገብስ ምን ታውቂያለሽ?» አሏት አቶ ዲሪባ። «ሚፍታ ነው ያዘገየኝ። በሬውን በቀኑ አላመጣም።»

ሚፍታ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ፣ በመቀናጆ እየጠመዱ በየተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ሲያርሱ ኖረዋል።

«አሁንስ?» አልሁ።

«መቀናጆውን አፈረስኩት። ለዒድ እንኳ ቤቱ አልሄድኩም። በሬዬ ይኸው ብቻውን ቆሟል።»

ይህን አላውቅም ነበር። ጥፋቴን የጣልሁት አንድ ሰው ላይ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ተቀብለው ለወንድማቸው አሳልፈውታል።

«አቶ ዲሪባ» አልሁ፤ «ሁለቱ ቀን ምንም አላጠፉም። ስሕተቱ የሠንጠረዡ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በደብዳቤ ተነግሮኛል። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

እጃቸውን ጆንያው ላይ አሳረፉ። ባለ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ ዞር ብለው አላዩትም።

«ያውቁ ነበር» አሉ።

«ዐውቅ ነበር።»

«በየጠዋቱ እዚህ በር ላይ ሰላም ስልዎት፣ ያውቁ ነበር።»

«አዎ።»

ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። እርሳቸው ግን መጽሐፉን ጆንያው ውስጥ መልሰው፣ መውጫው ወረቀት ላይ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጽፈው ፈረሙ። ባጃጁ ወጣ። ጠይባ መሬት መሬት ታያለች።

«ለሚፍታ ማን ይነግረዋል?» አሉ።

«ደብዳቤ ልጽፍለት እችላለሁ።»

«ደብዳቤማ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በአፍዎ ይነግሩታል። ስድስት ሰዓት ላይ ተረኛ ይቀይረኛል።»

በስድስት ሰዓት አብረን ወጣን። ወደ ሚፍታ ማሳ የሚወስደውን ዳገት እርሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ጨረስነው። ሚፍታ ማሳው መካከል ድንጋይ ይለቅማል። ወንድሙን አየና ቀና አለ፤ ወደ እኛ ግን አልመጣም። አቶ ዲሪባ ማሳው ዳር ቆመው፣ እኔን በእጃቸው ወደፊት አመለከቱኝ።

በታረሰው መሬት ላይ እየተደነቃቀፍሁ ደረስሁና ሰላምታ ሰጠሁት። ማን እንደሆንሁ ነገርሁት። ቀጥዬም «አቶ ሚፍታ፣ አምና ገብሱን ያደረቀው የእርስዎ መዘግየት አይደለም። ቀኑን ለወንድምዎ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑ እንደማይታመንም ዐውቅ ነበር» አልሁ።

እስክጨርስ ድረስ የለቀመውን ድንጋይ እንደያዘ ሰማኝ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግሮ ወንድሙን ተመለከተ።

«ጮክ ብለው ይበሉት» አለኝ። «እዚያ ሆኖ አይሰማም።»

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።