ቀድሞ የሚገባው ድምፅ

ወንድሟ በዕድሜው አንድም ዘፈን በቦታው ጀምሮ አያውቅም ነበር። እሷ ኪቦርዱን ሳትነካ እሱ በድምፁ ቀድሟት ይገባል። ምት የሚጠብቀው ማሽን እንኳ አልገታውም። ባንዱ እህትና ወንድም ብቻ ስለነበሩ፣ የመጀመሪያው አልበም ሲሠራ ስህተቱን ቁጭ ብሎ ያረመው አቀናባሪው ነው፤ «ችኩሉ» የሚል ስምም አወጣለት።

«አንተ፣ ማን ቀጥሮህ ነው የምትቸኩለው?» ይለው ነበር።

«እትዬ ስትደርስ በር የሚከፍትላት ሰው ይኑር ብዬ ነዋ!»

ሁለተኛው አልበም ሊያልቅ አንድ ዘፈን ሲቀረው ችኩሉ ሞተ። ታመመ ሲባል አረፈ ተባለ። እናታቸው በለቅሶው ላይ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» ስትል፣ እህቱ አቀናባሪውን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ለቀረው ዘፈን አንዲት ነገር ትቶላት ነበር። አንድ ቀን ሲቀልድ ኪቦርዱ ውስጥ «ኣ» ብሎ ድምፁን ቀርፆ አስቀርቷል፤ የትኛውንም ቁልፍ ብትጫን የሱ ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ይወጣል። ዜማውን በዚያ ልትጫወተው ቆረጠች። «እሱ የሌለበት ዘፈን ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች።

ስቱዲዮው ውስጥ የወንድሟ ሹራብ አሁንም ማይኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ተቀመጠች፣ ተጫወተች።

«ቀደምሽ» አለ አቀናባሪው።

«እኔ? በፍጹም!»

ስክሪኑን አየ። ጣቷ ምቱ ላይ ነው ያረፈው፤ ድምፁ ግን ከጣቷ በፊት ገብቷል። «ማሽኑ ነው» ብሎ ድምፁን ጎትቶ ቦታው መለሰው። ምሳ በልተው ሲመለሱ እንደገና ቀድሞ አገኙት። አቀናባሪው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

ቀጥሎ ጣቷን ወደ ቁልፉ አስጠጋች እንጂ አልተጫነችም። ምቱ ሄደ። ሊደርስ ሲል አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ከዚያ «ኣ» አለ።

ማሽን ትንፋሽ አይስብም።

አቀናባሪው የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ሙሉ ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «እናጥፋው።»

«ሞክራትና እጅህን ነው የምቆርጠው!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የለመድኩት ነፍስ ካለው ዘፋኝ ጋር መጨቃጨቅ ነው።»

«ክፈተው ብዬሃለሁ።»

ምቱ ጀመረ። ትንፋሹ ሲሳብ ስትሰማ፣ በልጅነታቸው መንገድ ላይ ጥሏት ሲሮጥ እንደምትለው፣ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«ጠብቀኝ እንጂ!»

ትንፋሹ ቀጥ አለ። ቁልፉን ተጫነች። ድምፁ ከጣቷ ጋር እኩል ገባ፤ እስከ መጨረሻውም ዝንፍ ሳይል አብሯት ሄደ።

«ይኸው!» አለ አቀናባሪው ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «በስንት ጊዜው በሰዓቱ ገባ!»

እሷ ግን ጣቷን ከቁልፉ ማንሳት ፈራች። ችኩሉ አንዴ «ጠብቀኝ» ከተባለ ካለበት ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ቢዘንብም፣ ቢመሽም፣ እስክትደርስ እዚያው ቆሞ ነው የምታገኘው።

አልበሙ ወጣ። እናቷ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። አቀናባሪው ሳያርም በተዋቸው ሌሎቹ ዘፈኖች ላይ ልጇ ሲቀድም እያለቀሰች ፈገግ አለች። የመጨረሻው ላይ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች።

«ምነው፣ እዚህ ጋ እንዲህ ረጋ አለ?» አለች። «ማንን እየጠበቀ ነው?»