የሀሴት ምስክርነት

አትጠገብ ለእንግዶች የተገዛውን ለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ስትደረድር እጇ ድንገት ቆመ። የሀሴት ኢንሱሊን ቦታው ላይ የለም።

እንቁላሉን አነሣች፤ የውሃውን ጆግ ገለል አደረገች፤ የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። በነጭ ላስቲክ ተጠቅልላ በሩ ላይ የምትቀመጠው ብልቃጥ ከነመርፌዎቿ ጠፍታለች። ሀሴት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ዶርም ውስጥ ፍሪጅ ስለሌለ ጠዋትና ማታ አስፋልቱን ተሻግራ ወደዚህ የተማሪዎች ጸሎት ማእከል እየመጣች ነበር የምትወጋው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አትጠገብ "ይዛው ሄዳ ይሆናል" ብላ ታልፈው ነበር። የረቡዑን ባታይ ኖሮ።

ረቡዕ ዕለት ጸሎት መሪው መልከጼዴቅ በጸሎቱ መካከል ሀሴትን ወደ ፊት ጠራት። እጁን ጭኖ "ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አያስፈልግሽም!" ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አትጠገብ ከኋላ ቆማ ነበር። ልጅቷን ለብቻዋ ላናግራት ብላ አሰበች፤ ከዚያ ድንኳኑ፣ የመዘምራኑ ልብስ፣ የእንግዶቹ ማረፊያ ተደራረበባትና ዛሬ ነገ ስትል ቅዳሜ፣ ማእከሉ በይፋ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ለራሷ የምትነግረው እንዲህ ብላ ነው። እውነቱ ግን መልከጼዴቅን መናገር ፈርታ ነበር።

እሷ ራሷ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ከጓደኞቿ ጋር ዛፍ ሥር ትጸልይ ነበር፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይበታተናሉ። "ከግቢው አጠገብ አንድ ቤት ቢኖረን" የሚለው ሐሳብ ያኔ አደረባት። ተመርቃ አስተማሪ ከሆነች በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን በር አንኳኳች፤ ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ያልጠናችው ደጅ የለም። ቤቱ ተገኝቶ ሲከፈት ግን መቶ ወንበር ላይ አሥራ ሁለት ተማሪ ተቀመጠ። ወሩም አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ አሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ሆነው ቀሩ። "ይህን ያህል የጮኽሽው ለዚህ ነው?" ይሏት ጀመር። መልከጼዴቅ የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ጸሎቱ እሳት። ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ አልበቃ አለና ልጆች መስኮት ላይ ተንጠላጠሉ። ፊት የነሷት ሽማግሌዎች እየደወሉ "እግዚአብሔር ጎበኘን" አሏት። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ፍሪጁን ዘግታ ወደ አዳራሹ ሄደች። መልከጼዴቅ መድረኩ ላይ ማይክ እየሞከረ ነው።

"መልከጼዴቅ፣ የሀሴት መድኃኒት የት ነው?"

"ራሷ ጣለችው፤" አለ ፈገግ ብሎ። "ረቡዕ ዕለት። በእምነት።"

"እና እስከ ዛሬ ሳትወጋ ነው?"

"እህት አትጠገብ፣" ከመድረኩ ወርዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዓይኑ ውስጥ አንዳች ተንኮል አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። "ዛሬ በጥርጣሬ አትግቢ። ፕሮግራሙ ላይ ሦስተኛዋ መስካሪ እሷ ናት። ስንት በሽተኛ ይሰማታል መሰለሽ!"

"አሁን የት ናት?"

"ጸሎት ክፍል። እየተዘጋጀች ነውና አትረብሻት።"

አትጠገብ ልታልፍ ስትል ጎረቤታቸው ባለ ሱቋ ሀዲጃ አንድ ሳጥን ለስላሳ አሸክማ በበሩ ገባች።

"አትጠገብዬ፣ ያቺ ቀጭኗ ልጅ ምን ሆናለች? ከነጋ አራተኛ ሃይላንዷን ወሰደች እኮ። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ስኳሩ ሲነሣበት እንዲህ ነበር ውሃ የሚጠጣው።"

አትጠገብ ወደ ጸሎት ክፍሉ ሮጠች።

ሀሴት ሰማያዊውን የመዘምራን ቀሚስ ለብሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ዳገት በሩጫ የወጣ ሰው ይመስል በጥልቀትና ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አትጠገብ ጎንበስ ስትል ከአፏ የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ መጣባት።

"ሀሴትዬ፣ ተነሺ። ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ድኛለሁ እኮ፤" አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ትንሽ... ደክሞኝ ነው። ተራዬ ደረሰ?"

ደግፋ ልታቆማት ስትሞክር ሀሴት ተመልሳ ወደቀች። ሀዲጃ ከኋላ ደርሳ በሌላው ጎን ያዘቻት። ኮሪደሩ ላይ የማእከሉ ቦርድ ሰብሳቢ ጋሽ ይርጉ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

"ምንድን ነው ይሄ? እንግዶች በር ላይ ናቸው!"

"እየሞተች ነው፣ ጋሽ ይርጉ።"

ልጅቷን አዩአት፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞረው አዩ። "በጓሮ አውጧት፤" አሉ። "ሰው ሳያያችሁ።"

በጓሮም ወጡ። አትጠገብ ያን ቀን ካደረገችው ሁሉ፣ ኋላም ቢሆን፣ ይህን ያህል ያሳፈራት የለም።

ሀዲጃ ባጃጅ አስቆመች። ዳመናው እንሰቱ ላይ ወርዶ መንገዱን አጨልሞታል። ሆስፒታሉ እስኪደርሱ ሀሴት አንዴ ብቻ ተናገረች፤ ምን እንዳለች ግን አልሰሙም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደሟን መርምሮ፣ አትጠገብ ግሉኮስ ሊተክሉላት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ኢንሱሊንና ጨዋማ ፈሳሽ አዘዘ፤ ነርሶቹ ተሯሯጡ።

"መርፌውን ካቆመች ስንት ቀኗ ነው?"

"ከረቡዕ ጀምሮ።"

"ዘግይታችኋል፤" አለ። "የምንችለውን እናደርጋለን። ለቤተሰቧ ደውይ።"

አትጠገብ ልትደውል ስልኳን ስታወጣ ስልኩ ቀድሞ ጮኸ። ጋሽ ይርጉ ናቸው። ከኋላቸው መዝሙርና ጭብጨባ ይሰማል።

"እንዴት ናት?"

"ራሷን አታውቅም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ስሚኝ ልጄ። ለአባቷ 'በጾም ተዳክማ ወደቀች' በያቸው። ጾማለች፣ ውሸትም አይደለም። ሌላው ከተሰማ ይህ ቤት ያበቃለታል። የስድስት ዓመት ልፋትሽ ነው።"

"መልከጼዴቅ ምን አለ?"

"ጠላት ምስክርነቷን ሊሰርቅ መጣ ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ ይልቅ በረታ! ይኸው ልጆች ኪኒናቸውን እየያዙ ወደ መድረክ እየወጡ ነው። አንዷ የሚጥል በሽታ ያለባት ናት..."

"ጋሽ ይርጉ! አስቁሙት!"

እልልታው ዋጣት። ስልኩ ተዘጋ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሀዲጃ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የሀሴትን እግር በነጠላዋ ትሸፍናለች። የሀሴት አባት አቶ አማኑ በወርቃ ገጠር የሚኖሩ ቡና ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ኢንሱሊኗን ማእከሉ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረች ሰሞን ደውለው አመስግነዋት ነበር። በጌዴኦኛ የተቃኘ አማርኛቸው ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረገ፣ "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እህቴ" ብለዋት ነበር።

ደወለች።

"ሀሴት ደህና ነው?" አሉ ገና ሳትናገር።

"ሆስፒታል ናት፣ አቶ አማኑ። በጣም ታማለች። መርፌዋን አቁማ ነው። እኛ ቤት 'ድነሻል፣ አያስፈልግሽም' ተብላ ነው ያቆመችው። እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ።"



"በሕይወት አለ?" አሉ።

"አለች። ሐኪሙ ግን ተስፋ አልሰጠኝም።"

"አሁን እመጣለሁ። አጠገቡ ማን አለ?"

"ሀዲጃ የምትባል ጎረቤታችን አለች፤ ጥሩ ሰው ናት። እኔም... ሌሎች ልጆች እዚያ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ነው። ሄጄ ማስቆም አለብኝ፤ እሷን ደግሞ ትቼ መሄድ..."

ከስልኩ ማዶ አንዲት ሴት በጌዴኦኛ ስትጠይቃቸው፣ እሳቸውም ሲመልሱላት፣ ሴትዮዋም ስትጮህ ሰማች።

"የሰው ልጅ ነው እነሱም፤" አሉ። "ሂድ። ቶሎ ሂድ።"

አትጠገብ ለሀዲጃ ስልኳን ሰጠቻት፤ አባትየው ሲደውሉ እንድታነሣ። የሀሴትን ግንባር በመዳፏ ነክታ ወደ ባጃጆቹ ወጣች።