ተነሺ ሲሉኝ ተነሳሁ

በ2004 ዓ.ም. ቆቦ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሰፈራችን ለሁለት ተከፈለ። የጭቃ ቤቶቹ ሊፈርሱ ነው ተባለ። ባለቤቶቹ ወይ ተደራጅተው በቦታው ፎቅ ይሠራሉ፣ ወይ ከከተማው ጫፍ ምትክ ቦታ ወስደው ይወጣሉ።

ፎቅ ይሠራ የሚለውን ወገን የሚመሩት አከራዬ ጋሽ አብዱሰመድ ነበሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ሳይጠሩት ገብቶ አልጋቸው ሥር ሲተኛ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። እምቢ ባዩ ደግሞ በአጥር የምንገናኘው ጎረቤታችን አያ አራጌ ናቸው። «ፎቅ ላይ የለቅሶ ድንኳን የት ይተከላል? ሬሳ በደረጃ ሊወርድ ነው?» ይላሉ። እሳቸውም እውነት አላቸው። በአንድ ቅሬ እድርተኛ ሆነው ስንቱን ሙት አብረው የቀበሩ፣ አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ እየተጠባበቁ የሚቀላለዱ ሰዎች፣ በፎቅ ምክንያት ሰላምታ አቋረጡ። እኔ ሁለቱም ልክ ስለመሰሉኝ በሁለቱም ተናድጄ ነበር።

ስለ እኔ የጠየቀ ግን አልነበረም። መይሙና እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ ሲሞት የስፌት መኪናዬን አይሱዙ ላይ ጭኜ ከጎብዬ መጣሁና በጋሽ አብዱሰመድ ግቢ ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ልጅ የለኝም፤ ዘመድ የምለውም አልቋል። የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው እዚያችው ክፍል፣ የምተኛውም እዚያችው ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቱ ፎቅ ወይ መሬት ያገኛል። ተከራይ የሚያገኘው ጓዙን መሸከም ነው።

ለስብሰባው የትምህርት ቤት አዳራሽ ተለቀቀ። ማንም ባይጠራኝም ሄድኩና ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። መነጽር ያደረገ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ስም ማንበብ ጀመረ። ቤቱ የሚፈርስበትን ሰው በቢሮ ቋንቋ «ተነሺ» ይሉታል አሉ፤ ወንድም ይሁን ሴት። እኛ ይህን ቋንቋ ከየት አምጥተን እናውቀዋለን?

«አራጌ ዋሲሁን፣ ተነሺ!»

አያ አራጌ ቱግ አሉ። «እኔን ነው እንደ ሴት ተነሺ የምትለኝ? በዚህ ሽበቴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ቃሉን ለማስረዳት ቢሞክርም የሰማው የለም። እንደምንም ብሎ ንባቡን ቀጠለ። ከሳቁ መሃል እኔ ጆሮ ጋ የደረሰው «መይሙና… ተነሺ!» የሚለው ብቻ ነው።

ሳልጠራ መጥቼ መቀመጤን አይቶ ያባረረኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ።

«ይኸው ተነሳሁ!» አልኩ። «ተከራይ መሆኔን መች ረሳሁት! ግን ተነስቸ ወዴት እንደምሄድ አንዳችሁ ንገሩኝ። ወር ሙሉ ፎቅ ይሠራ አይሠራ ስትባባሉ ‹መይሙናስ?› ያለ አለ? የልጆቻችሁን ሱሪ ስጥፍ አይኔ ጠፋ እኮ!»

ሰውየው መነጽሩን እያስተካከለ «እትዬ፣ የጠራሁት እርስዎን አይደለም፤ የጥግ ቤቷን መይሙናን ነው። ተነሺ ማለትም…» ብሎ አስረዳኝ። ምን ዋጋ አለው? ነገሩ ከአፌ ወጥቷል። እንዳልቀመጥ አፈርኩ፤ እንዳልቆምም አፈርኩ።

ያኔ አያ አራጌ ተነሱ። «ይቺ ሴት እኔ ጋ ናት» አሉ። «ግድ ብላችሁ ካስወጣችሁኝ፣ በምትኩ ቦታ አንዱ ክፍል የሷ ነው።»

ጋሽ አብዱሰመድ ከአግዳሚው ተስፈንጥረው ቆሙ። «አንተ ምን አግብቶህ? የኔ ግቢ ሰው ናት! ከፎቁ ሥር መስፊያ ቤት እሰጣታለሁ።»

«ፎቅህን ራስህ ውጣው!»

«ወላሂ፣ እሷን ይዘህ አትሄድም!»

ወር ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች በእኔ ሰበብ ተነጋገሩ፤ ያውም በጩኸት። እኔ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ አለቀስኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ «የኔ ናት» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ሆኑልኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ ደጋግሜ።

ፎቁን መሥራት ሦስት ዓመት ፈጀ። አያ አራጌ እስከ መጨረሻው ተከራክረው ሲያቅታቸው ምትክ ቦታቸውን ወሰዱ፤ ከበሩ ላይ ሲቆሙ ዞብል ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ሁለቱም ቃላቸውን አላጠፉም። ቀን ቀን ፎቁ ሥር እሰፋለሁ፤ ሥራ ስጨርስ በባጃጅ ወደ አያ አራጌ ግቢ እገባለሁ። ስለ ፎቁ ዛሬም አልተስማሙም። «ደረጃው ጉልበቱን ገና አልጨረሰውም?» ይሉኛል አያ አራጌ ማታ። ጠዋት ደግሞ ጋሽ አብዱሰመድ «ያ ሰውየ ከጅብ ጋር ተዋወቀ?» ይሉኛል። እኔም ትንሽ ጨው እየጨመርኩ አደርሳለሁ። እነሱን የሰጠኝን አምላክ እያመሰገንኩ ነው የማደርሰው።

ባለፈው ወር መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከአሮጌው ላይ ስትገለብጥ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«እትዬ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚለው ባዶ ነው። ማን ልበል?»

«አብዱሰመድ ይማም።»

ጻፈች።

«አራጌ ዋሲሁን» ብዬ ጨመርኩ።

«አንድ ሰው ነው የሚጻፈው። ቦታው ለሁለት አይበቃም።»

«ይበቃል፣ ልጄ» አልኳት። «ደቃቅ አድርገሽ ጻፊው።»