ግልግል ግልግል ነው

...ድሮም ቢሆን ቃል አታጣራም፣ በሬ ሲሏት ላም ብላ የምትሰማ ፍጡር፣ እንዲህ ያለችውን ሴት በሕግ ማሸነፍ ሬሳን በትግል እንደ መጣል ነው፣ ያሳፍራል፣ ቢሆንም ደስ ይላል።

አንቀጽ ውሳኔ ሊሰማ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በልቡ ይስቃል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፣ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ሕግ ሳይጠቅስ እንደምን አደራችሁ ስለማይል የወጣለት ነው፣ ሲያስነጥሰው እንኳ በንዑስ ቁጥር ነው ይላሉ። ከጎኑ ያቺው ታናሽ እህቱ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ ታንቀላፋለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ እጇ በረኪና ይሸታል። ትተኛ። እናቷ ቤት ተኝታ ሜዳ ላይ ትነቃለች።

የእናቱ ክፍል ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ ግድግዳው ይበሳና በር ይወጣለታል፣ ከበሩ በላይ ታፔላ፣ አልጋው በቆመበት ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አሮጊቷስ? ትሄዳለቻ፣ ማን ቀረ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ እዚሁ ቢሮ፣ አስማሚዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እንግዲህ አባታችሁ በተወው ቤት አልተስማማችሁም፣ አለች፣ እኔ አስማሚ ነኝ፣ አልፈርድም፣ ያልጣመው ተነስቶ ይሄዳል፣ እዚህ የተባለውም እዚሁ ይቀራል። ግልግል ከፈለጋችሁ ግን ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ያኔ ዳኛችሁ እኔ ነኝ። እህቱ ቀና አለች። ግልግል? እሱን ነው እኮ የምለው እትዬ፣ ይስጡኝና ልፈርም። አይ አምላክ፣ ሞኝን ስትወድ ስታበዛው። ጥርሱ የተነቀለ ሰው የሚለው ግልግል መስሏታል፣ ያማጠች ሴት ተገላገለች የሚባለው፣ እፎይ። የሕጉ ግልግል ገመድ መሆኑን፣ ዳኛዋ ካለች አለች መሆኑን ማን ይንገራት፣ እሱ? አፍ የለውም እንዴ፣ አለው፣ ዘጋው። ዘግቶም አልቀረ፣ ይግባኝ የለም የምትል መስመር ትግባልን ክብርት ዳኛ፣ አለ፣ ድምፁን ማር አድርጎ፣ ለእህቴ ብዬ ነው፣ እንዳትንገላታ። የተስማማችሁበት አንድ ነገር አለ፣ አለች ዳኛዋ፣ እናታችሁ ከቤቷ አትወጣም፣ ይህም ይጻፍ? ይጻፍ፣ ምን ቸገረው፣ የእህቱ ልብ ዳቦ ነው፣ ቢያባርሯትም አሮጊቷን ልታጥብ በአጥር ትገባለች። ሁለቱም ፈረሙ።

አሮጊቷ። ከወገቧ በታች ሞታ ምላሷ የሁለት ሰው ዕድሜ የሚኖር፣ በማንኪያ የአልጋዋን ብረት ስትመታ ሦስተኛው ሰፈር ያሉ ውሾች ቆመው የሚጸልዩላት። ባለፈው ሊጠይቃት ገባ፣ ማነህ፣ ልጅሽ ነኝ እማዬ፣ የትኛው፣ አንድ ወንድ ነው ያለሽ። አየችው፣ አየችው፣ እሱንማ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ በል ፖፖውን አቀብለኝ። ፖፖ፣ ለእሱ። ከበሩ ሆኖ እህቱን ጠራ፣ ከዚያ ወዲህ አልገባም።

ግቡ።

ይገባሉ፣ ዳኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ ታወርዳለች፣ ታነባለች፣ ቤቱ ለታላቅ ወንድም፣ በለው፣ ወደ እህቱ አያይም፣ ሲያለቅሱ ማየት አይወድም፣ ትንሽ ግን ያያል፣ አታለቅስም፣ ምነው አታለቅስም፣ ዳኛዋ ገና ታነባለች፣ እናትየው ከቤቷ እንዳትወጣ ሁለቱም ስለተስማሙ፣ ቤቱን የያዘ እናቲቱን ይይዛል፣ ማጠቡን፣ ማጉረሱን፣ ማገላበጡን፣ ራሱ እዚያው እያደረ፣ ቤቱን ልተው ቢል እንኳ ግዴታው ከራሱ አይወርድም። ይግባኝ የለም፣ በአመልካቹ በራሱ ጥያቄ።

በአመልካቹ። በራሱ።

አንቀጽ፣ አንቀጽ የታለ፣ አሁን ነው አንቀጽ መሆን፣ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ የፈረመውን ሳያውቅ የፈረመ ሰው አላወቅኩም ብሎ ማስፈረስ ይችላል፣ ይችላል፣ ግን ያላወቀው እሱ አይደለም፣ እሱማ ከዳኛዋም በላይ ነበር የሚያውቀው። ኮሪደሩ ላይ እጅጌዋን ይይዛል፣ የኔ እመቤት፣ ያኔ ግልግል ስትዪ እንዲያው እፎይ ማለትሽ ነበር አይደል፣ ዳኝነት መሆኑ አልገባሽም ነበር፣ አልገባኝም በይ፣ አንዲት ቃል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ ፈርሚ ብቻ።

እህቱ ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ በእናታቸው ዓይን።

ምን ልዩነት አለው ጋሼ፣ ግልግል ግልግል ነው።

ቁልፉን መዳፉ ላይ ታኖራለች፣ ፖፖው ከአልጋው ስር በግራ በኩል ነው፣ ጀርባዋን ስትነካት ትነክሳለች፣ ትላለች፣ እንደ ልጃገረድ ቀላ ብላ፣ ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች፣ አንዴም ዞር አትልም።

ማንኪያው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ቁልፉ ይዞራል፣ ሽታው ከእናቱ ቀድሞ ይቀበለዋል፣ ግድግዳው እነሆ፣ በር የሚወጣበት፣ አልጋው እነሆ፣ ማሽኑ የሚቆምበት።

ማነህ፣ ትላለች እናቱ።

ልጅሽ፣ ሊል ነው፣ የትኛው ልትለው ነው፣ አንድ ነው ያለሽ ሊላት፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ ልትል፣ እየጎነበሰ ነው፣ በግራ በኩል ነበር እህቱ ያለችው፣