«ንጊህ» የተከለከለባቸው አሥራ አንድ ቀናት

ፈተናው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነገሩ ይህን ይመስል ነበር፤ ኒከን በቫዮሊኗ ሦስተኛ ክር ላይ ሁለተኛ ጣቷን ስታሳርፍ የሚወጣው ድምፅ ከትክክለኛው በሃያ ስምንት ነጥብ ይወርዳል። ከአንድ ድምፅ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት መቶ ነጥብ ነው። አስተማሪዋ ቡ ዌኒንግ፣ እትዬ ዌኒንግ እንደ ማለት፣ ይህን በድምፅ መለኪያ እየለካች አሥራ አራት ወር ሙሉ በደብተሯ መዝግባለች። ቁጥሩ አንዳንዴ ሃያ አምስት፣ አንዳንዴ ሠላሳ ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ጣት ሲሳሳት ወዲያም ወዲህም ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሳሳት ጣት ግን አይታ አታውቅም።

ቡ ዌኒንግ ሶሎ ከተማ ውስጥ፣ በቤቷ የፊት ክፍል፣ ሠላሳ ዓመት ቫዮሊን አስተምራለች። ክሩ ሥር ምልክት መለጠፍ አትወድም። «ጆሮ ካልቀደመ ጣት የት ይሄዳል?» ትላለች። ስታርም አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው፤ ልዩነቱ ተሰማሽ? ከተሰማ ይታለፋል።

ለኒከን ሌላ ዕድል የለም። ዮግያካርታ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ አይቀበልም፤ እሷ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ትሞላለች። አባቷ ፓክ፣ ማለትም ጋሼ፣ ቱኪራንም ቁርጡን ተናግሯል፤ ካላለፈች ባታም ደሴት አክስቷ ጋ ሄዳ ፋብሪካ ትገባለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ኒከን ያንኑ ድምፅ ስድስት ጊዜ ተጫወተች። ስድስቱም ዝቅ አሉ።

«ወርዷል፣ ንዱክ። ተሰማሽ ልጄ?»

«ንጊህ፣ ቡ።»

«ድገሚው እስቲ።»

ያው ነው።

«አሁንስ? ተሰማሽ?»

«ንጊህ፣ ቡ።»

ዌኒንግ ምን እንደገፋፋት ሳታውቀው ጥያቄውን ቀየረችው። ሁለቱን ድምፆች በራሷ ቫዮሊን አከታትላ ተጫወተችና፣ «የቱ ነው ከፍ ያለው? የፊተኛው ወይስ የኋለኛው?» አለች።

ኒከን አንገቷን ደፋች። «ንጊህ» አለች።

ዌኒንግ ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ንጊህ አዎ ማለት ነው፤ ለታላቅ ሰው ሲባል ግን «ሲናገሩ እያዳመጥኩ ነው» ከማለት አያልፍም። ይህን የማያውቅ የሶሎ ልጅ የለም። እሷም ራሷ ለአስተማሪዎቿ፣ ለአማቷ፣ ለሐኪሟ ያላመነችበትን ንጊህ ስትል ነው የኖረችው። ደብተሩን ገለጠችው። ገጽ በገጽ «ተሰምቷታል» ይላል። ልጅቷ ለአክብሮት ያለችውን እሷ እንደ ማስረጃ መዝግባዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ንጊህ የለም» አለች። «ካልተሰማሽ ምቦተን ትይኛለሽ።»

ኒከን ደነገጠች። ምቦተን «አይ» ነው፤ ለአስተማሪ ፊት ለፊት አይባልም።

«ቡ፣ እሱንስ አልችልም።»

«ይኸው ቻልሽ! አሁን ያልሽኝ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። «ምቦተን፣ ቡ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ዌኒንግ የልጅቷ ጆሮ ምን እየሰማ እንዳደገ ልታጣራ መለኪያዋን ይዛ ወደ ኒከን ቤት፣ ዊሩን መንደር ሄደች። ፓክ ቱኪራን እዚያ ጋመላን ለሚባለው ለአገሩ የሙዚቃ ጓድ የሚሆኑ የነሐስ መሣሪያዎችን ይቀጠቅጣል፣ ይቃኛል። አንዱን ጠፍጣፋ ነሐስ መትታ ለካችው። ሃያ ሰባት ነጥብ ዝቅ። የልጅቷ ጣት ከተወለደች ጀምሮ የሰማችውን ድምፅ በትክክል እየፈለገ ያገኝ ነበር።

«እንግዲህ ልጄን ያበላሸው የኔ ነሐስ ነው በሉኛ!» አለ ፓክ ቱኪራን።

«እንደሱ አላልኩም።»

«የእርስዎ የእንጨት ሳጥን ጠዋትና ማታ ካልተቃኘ ያላዝናል። ይሄ አርባ ዓመቱ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ታዲያ የተሳሳተው ማነው፣ ቡ?»

«ማንም አልተሳሳተም። ፈታኞቹ ግን ነሐስ አይሰሙም፣ ፓክ። እባክዎ ይህን አንዱን ብቻ ያውሱኝ።»

ሰውየው ሳቁን ተወ። ነሐሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ «ወርዷል» የሚባል ነገር ቀረ፤ «ይሄ የቤትሽ ነው፣ ይሄ የቫዮሊኑ ነው» ተባለ። ኒከን ፊቷን አዙራ የቱ እንደሆነ ትለያለች። በመጀመሪያው ቀን ከሃያው አሥራ አንዱን መለሰች፤ በግምት የሚመልስም ያንኑ ያህል ያገኛል። በአራተኛው ቀን አሥራ ሦስት፣ በሰባተኛው አሥራ ሰባት ሆነ። ጣት ግን ከጆሮ ኋላ ነው የሚጓዘው፤ ሃያ አራት ነጥብ ዝቅ፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት። የኒከን የጣት ጫፎች ተሰነጠቁ።

ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ዌኒንግ ድምፁን ተጫውታ፣ «ልክ እንዲህ» አለች።

«ምቦተን፣ ቡ። ወርደዋል።»

ዌኒንግ መለኪያውን አየች። ስድስት ነጥብ ወርዳለች።

«ሦስት ወር» አለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፤ «ሦስት ወር ብቻ ቢኖረን!»

ኒከን ሻዩን አቀረበችላት።

ትምህርት ቤቱ ከስድሳ አንድ ተፈታኞች አሥራ ሁለት ወሰደ። የመጨረሻዋ ያለፈችው ከመቶ ሰባ አራት አግኝታ ነበር፤ ኒከን ሰባ አንድ ተኩል።