በሼኹ አፍንጫ የወተፍኩት ጥጥ

«ሽቶ የተቀባች ሴት ሼኹ የተኙበት ገብታለች፤ ቁስላቸው የሚያመረቅዘው ለዚህ ነው» አለች አክስቴ ሰዕዲያ። ጠዋት ውሃ ጉድጓዱ ላይ ብላው ነበር፤ ከሰዓት ወይራ መጭመቂያው ዘንድ ደገመችው። ሲመሽ ሴቶቹ ሁለት ሆኑ፤ አንደኛዋም ቱርክ ናት ተባለ።

በተራራችን ቁስለኛ ሽቶ ከሸተተው ቁስሉ እንደሚነሣበት የማያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አውቅ ነበር፤ የሕክምና መጽሐፍ አለኛ! የፊተኛውን ግማሽ አይጥ በልቶታል። ጥይት ስለማውጣት የሚናገረው እዚያ ውስጥ ነበር መሰለኝ። የተረፈኝን ግን ያለ አስተማሪ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሼኽ ሚስባሕን ቱርኮች ቅልጥማቸውን በጥይት መትተዋቸው እኛ ዋሻ ቤት ተኝተዋል። ከተመቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጎሳዎቹ ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ ሼኹ ፈረስ ላይ ካልታዩ ተራራው ለቱርክ ይገብራል። ቤቱ የኛ ስለሆነ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ።

ለግመል እከክ የሚቀባው ቅጥራን ውስጥ ጥጥ ነክሬ ሁለቱንም የአፍንጫቸውን ቀዳዳ ወተፍኩ። ክርፋቱ እኔኑ ሊገድለኝ ሲል የራሴንም ወተፍኩ፤ የቤተሰቡንም። መጽሐፌ «ጨርቁ እስከ አሥረኛው ቀን አይፈታ» ስለሚል ቁስሉን አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ወጌሻው ሐጂ ሙፍታሕ ወረንጧቸውን ይዘው መጡ።

«ዘወር በይ አንቺ ልጅ፣ ጥይቱ ይውጣ።»

«ከየት ነው የመጡት ሐጂ?»

«ከእህቴ ልጅ ሠርግ።»

«እንግዲያው ጥምጥምዎ ላይ የጽጌረዳ ውሃ ረጭተውብዎታል። አይገቡም!»

«አፍንጫሽ ተወትፎ እንዴት ሸተተሽ?»

«የተማረ ሰው በአእምሮው ያሸታል።»

ይህችን መልስ ሁለት ቀን ሙሉ ለራሴ ስደጋግማት ቆየሁ። እንዴት እንዳማረችኝ!

ሼኹ ከውስጥ በታፈነ ድምፅ «ልጄ፣ ግድ የለም፣ ይግቡ» አሉ።

«እርስዎ ይተኙ!» አልኳቸው። አገር የሚያዙትን ሰው እኔ አዘዝኳቸው።

ሐጂ «አህያ ያዳነች ሁሉ ሐኪም ሆነች!» እያሉ ሄዱ። እኔ እንደ ስድብ አልቆጠርኩትም፤ አህያዋን በእርግጥ አድኛታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን አክስቴ ከቤቷ የገብስ ሾርባ ይዛ መጣች፤ የእሷን አፍንጫ አልወተፍኩትም ነበር። ገና ደፉን ሳትሻገር ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

«ውይ! ምን ሞቶ ነው እዚህ ቤት?»

ጥጤን መዘዝኩት። የሞተው የሼኹ እግር ነበር። ሽቶ እንዳይገባ ዘጠኝ ቀን ዘብ ስቆም ግማቱ አጠገቤ ተኝቶ ኖሯል።

ሐጂን ልጠራ የሮጥኩት እኔው ነኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ መጋዛቸውን አውጥተው የሼኹን እግር አስያዙኝ፤ ያ ከስድብ ባሰብኝ። ከጉልበት በታች ቆረጡት። ሼኹ በሕይወት ተረፉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን ፈረሳቸው ያለ ጌታው ሸንጎው ፊት ቆመ፤ ጎሳዎቹም እሱን አይተው ገበሩ።

በወሩ የሼኹ ታላቅ እህት ከፈዛን በረሃ ወንድማቸውን ሊጠይቁ መጡ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ሽቶ እንዳይደርሳቸው ብዬ ነው እመቤቴ!»

«ማን? ሚስባሕ?» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «በሰባት ዓመቱ ፈንጣጣ ከያዘው ወዲህ እኮ አፍንጫው ሽቶና እበት አይለይም። ‹የመሪ ጉድለት አይወራም› ብሎ አስምሎን ነው እንጂ።»