የሃርላን ቮይት ስድስተኛው የኮከቦች ጨዋታ

ሃርላን ቮይት የኮከቦችን ጨዋታ አምርሮ ይጠላ ነበር። ባለፈው ዓመት ሊጉን ያሸነፈ አሰልጣኝ በበጋው አጋማሽ የሊጉን ምርጦች ሰብስቦ ከሌላኛው ሊግ ምርጦች ጋር ያጋጥማል፤ ደንቡ ነው። ቮይት ይህ ዕጣ አምስት ጊዜ ደርሶት አምስቱንም ተሸንፏል። በሌላው ነገር ሁሉ የተከበረ ሰው ነው፤ ዋንጫ አለው፣ አንቱታ አለው። ጋዜጠኞች ግን በቤዝቦል ሜዳ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ሌላ ያደረገው ነገር የሌለ ይመስል "አምስት ለምንም" ብለው ስም አወጡለት።

ዘንድሮ ስድስተኛው ነው፤ የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ ጡረታ ይወጣል። ከቤት ሲወጣ ለሚስቱ ለአርሊን "አንዷን እንኳ አሸንፌ ልሰናበት" አላት።

"ለማንም የማይቆጠር ጨዋታ ነው እኮ! ምን ነካህ አንተ ሰው?" አለችው።

ለእሱ ግን ይቆጠር ነበር።

ከዘጠኙ ዙር በስምንተኛው ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ዘወር ብሎ አግዳሚውን ቢያይ ባዶ ነው። ኮከብ ተብዬዎቹ ተቀይረው በወጡ ቁጥር ገላቸውን እየታጠቡ፣ ሽቶ እየተርከፈከፉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይነዱታል። ጨዋታው እስኪያልቅ የሚቀመጥ እንደ ሞኝ ይታያል። ዴክስተር ላይል የሚባለው የሊጉ ዝነኛ ኳስ መቺ ፀጉሩ እንደረጠበ፣ ቦርሳውን አንግቶ በፊቱ ሊያልፍ ሲል ያዘው።

"ወዴት ነው?"

"የድርሻዬን መታሁ አይደል አለቃ? ባሃማስ ነኝ፤ አውሮፕላኑ እየጠበቀኝ ነው።"

"እየተመራን?"

ላይል ጥርሱን ገለጠ። "አይዞዎት፣ እርስዎ እንደሆኑ ለምደውታል።"

ቮይት ሲቆረጥመው የነበረውን የሱፍ ቅርፊት ከልጁ ውድ ጫማ አጠገብ ተፋው። 

አግዳሚው ላይ የቀረው መቺ አንድ ብቻ ነበር፤ ዴልበርት ሰግስ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ አንድ ሰው ይላክ ስለሚባል፣ ከሊጉ ጭራ ከሆነው ክለብ የሚላክ ሌላ ቢጠፋ እሱ መጣ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የጫማውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቮይት ያስቀረው ሰው ቢጎዳ ብሎ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ባይፈለግ ይመርጥ ነበር።

ተፈለገ። በመጨረሻው ዙር አሁንም በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ሁለት መቺ ስቶ ወጥቶ ሦስተኛው ከወጣ ጨዋታው በሚያበቃበት ሰዓት፣ ሌሎች ሁለት መሮጫው ላይ እያሉ፣ ተራ የደረሰው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እያነከሰ ተመለሰ።

"ሰግስ! ግባ!"

የተቃራኒው ወርዋሪ ኳሱ እንደ ጥይት የሚያፏጭ ጎረምሳ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ግን ለስለስ ብላ፣ መሃል ለመሃል መጣች። ሰግስ ቆሞ አሳለፋት።

"ምን ትጠብቃለህ? አውቶቡስ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ ቮይት።

ሁለተኛዋም እንደዚያው መጣች፤ ሰግስ አሁንም አሳለፋት። ሦስተኛዋ ካመለጠችው አበቃ። ቮይት ደረጃው ላይ ዘሎ ወጣ፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። "ምታ! ምታ እንጂ አንተ ድንጋይ! ምታ አልኩህ!"

ሰግስ ዞር ብሎ አየው። ትንሽ ቆይቶ ዱላውን አነሳ። ሦስተኛዋ መጣች፤ መታት። ኳሷ በሁለት የተቃራኒ ተከላካዮች መካከል ሾልካ እስከ አጥሩ ተንከባለለች፤ መሮጫው ላይ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ገብተው ሁለት ነጥብ ሆነ። ቮይት አሸነፈ። ኮፍያውን ወርውሮ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ደስታው መተላለፊያው ድረስ አልዘለቀም። የተቃራኒው አሰልጣኝ ሮይስ ቲልማን እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። ድሮ የቮይት ተጫዋች ነበር፤ ኳስ መቅለብ ያስተማረው ቮይት ነው።

"እንኳን ደስ ያለዎት አለቃ! መሸኛው እንዴት ነው?"

"የምን መሸኛ?"

ሮይስ በዓይኑ ጠቀሰው። "ልጁን 'መሃል ለመሃል፣ አለስልሰህ ስጠው' አልኩት። ለሚሰናበት ሰው ወጉ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።"

ያውቀዋል። ዝነኛ መቺ ሲሰናበት ወርዋሪው አንድ የምትመታ ኳስ ይሸልመዋል፤ ሕዝቡም እያወቀ ያጨበጭባል።

"ወጉ ለመቺ ነው! አሰልጣኝ ምን ቤት ነው?"

"ታዲያ እርስዎ ዱላ አይዙ! ይሄ ጨዋታ ለእኔ ምኔም አይደለም፤ ለእርስዎ ግን..." ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ቮይት እጁን መንጭቆ ከላዩ ላይ አወረደ። "ምጽዋት ለመንኩህ? ሂድ፣ ከፊቴ ጥፋ!"

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ቮይት ዕድሜውን ሙሉ ከመቺው ጀርባ የሚቆም ኳስ ቀላቢ ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። የቀላቢው ጓንት ሦስቱንም ጊዜ መሃል ላይ ተተክሎ ፈቀቅ እንዳላለ አሁን ታወሰው። ሌላ ቀን ቢሆን በመጀመሪያዋ ኳስ ይነቃ ነበር። ዛሬ ግን ድሉ ዓይኑን ጋርዶታል። በሮይስ ላይ የነበረው ጥላቻ ዞሮ ራሱ ላይ መጣ።

ሰግስን የልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። የመታትን ኳስ ይዟታል፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ የለም።

"አውቀህ ነበር?" አለው ቮይት።

"ኳስ ስመታ ከኖርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ አለቃ። እናቴ እንኳ እንደዚያ አለስልሳ አትወረውርልኝም። ለዚህ ነው ሁለቱን ያሳለፍኳቸው። አንዲት የምር ኳስ ቢሰጠኝ ብዬ... በሷ ስቼ ብወጣም ግድ የለኝም ነበር።"

"ሦስተኛዋንስ ለምን መታሃት ታዲያ?"

ሰግስ ቀና ብሎ አየው፤ ቂም የለበትም። "እርስዎ ምታ አሉኝ።"

 ወዲያው በሩ ተበርግዶ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን አንግበው ገቡ።

"አምስት ለምንም ቀረ! አለቃ፣ ምን ተሰማዎት?"

ሁሉንም ዘርግፎ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ግን ሰግስ ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ እዚያው ተቀምጧል፤ ቢናገር ነገ በየጋዜጣው የሚሳለቁት በእሱ ነው።

"አስጠላኝ" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። "ሽማግሌው ሲያሸንፍም ያማርራል!" እያሉ ጻፉት። ሰግስ ብቻ ሳይስቅ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።